ልጆቻችንን ማን ጠራቸው?



በሰኔ 2025 ከኢራን ጋር ጦርነት በነበረባቸው 12 ቀናት፣ እኔ በምኖርበት ሽኹና ያየሁትን ላውጋችሁና ወደ ነገሬ ልግባ። ሕንፃው አሮጌ ነው። አሳንሰር የለውም፣ በየቤቱም ማማድ የለም፤ ሚክላቱ ያለው ከምድር ቤት ነው። አራተኛ ፎቅ ላይ ብቻቸውን የሚኖሩ አንዲት እናት አሉ። ጉልበታቸው አይታዘዝላቸውም፣ ስኳርም አለባቸው። ስልኩ ላይ የሚመጣው ማስጠንቀቂያ በዕብራይስጥ ነው፤ ማንበብ አይችሉም። ቢያነቡትስ በዚያች አጭር ጊዜ ያን ሁሉ ደረጃ እንዴት አድርገው ይወርዱታል?

የመጀመሪያው ሌሊት አልወረዱም። አልጋቸው ላይ ተቀምጠው ሲጸልዩ አነጉ። በሁለተኛው ሌሊት ግን ከሦስተኛ ፎቅ አንድ የ16 ዓመት ልጅ ወጥቶ በራቸውን መታ። «እማማ ይነሡ፣ ይዤዎት ልውረድ» አላቸው፣ በተሰባበረ አማርኛ። በብብታቸው ደግፎ አወረዳቸው፤ ሲያልቅም መልሶ አወጣቸው። ከዚያ በኋላ አዝዓቃ በጮኸ ቁጥር ይኸው ነበር፤ ጫማውን እንኳ ሳያስር ወደ ላይ ሲሮጥ አየው ነበር። አንድ ቀን «ማን አዝዞህ ነው?» ብዬ ጠየቅሁት። «ማንም» አለኝ።

ጦርነቱ አለቀ። ያንን ልጅ አንዳችንም ጠርተን አላመሰገንነውም፣ እኔን ጨምሮ። ይባስ ብሎ ጥቂት ቆይቶ፣ እኛ ሽማግሌዎቹ ተሰብስበን ቡና ስንጠጣ የተነሣው ወሬ «የዛሬ ልጆች ለወገናቸው አያስቡም፣ ፔሌፎናቸው ላይ ተተክለው ነው የሚውሉት» የሚል ነበር። እኔም ራሴን ነቀነቅሁ። ማታ ወደ ቤቴ ስመለስ ልጁን ደረጃው ላይ አገኘሁት። «ሻሎም» አለኝ፣ ዝቅ ብሎ። እንዴት እንዳፈርሁ አልነግራችሁም።

ወጣቶቻችን ለማገልገል ልብ አጥተዋል የሚለውን ወሬ ከዚያ ቀን ጀምሮ አልቀበልም። ያጡት የሚጠራቸውን ነው። መጥራት ያለብን ደግሞ እኛ ነን፣ ትልልቆቹ።

አገር ቤት እያለን «በጎ ፈቃደኛ» የሚል ቃል ከአፋችን ወጥቶ ያውቃል? እኔ አላስታውስም። እዚህ መጥተን ነው «መትናዴብ» ሲባል የሰማነው፤ ከዚያ ራዲዮኑ «በጎ ፈቃደኛ» እያለ አስለመደን። ቃሉን አናውቀውም እንጂ ሥራውን እናውቀዋለን። ደቦ ነበር፣ ወንፈል ነበር። አዝመራ ሲደርስ ወይም ጎጆ ሲከደን፣ ባለቤቱ ከዋዜማው በየደጁ እየዞረ «ነገ እንድትደርሱልኝ» ይል ነበር። ጎረምሳውን ሁሉ በየስሙ ነበር የሚጠራው። በማግሥቱ ሁሉም ማጭዱን ይዞ ይመጣል። ዘፈኑ አለ፣ ጠላው አለ፣ እንጀራው አለ። ማታ ሊበተኑ ሲሉ ሽማግሌ ቆሞ ይመርቃል። ሥራው ከባድ ነበር፣ አጎንብሶ መዋል ቀላል አይደለም። ግን በስሙ የተጠራ፣ በልቶ ጠጥቶ ተመርቆ የሚሄድ ጎረምሳ ድካሙን አይቆጥረውም። ያልመጣ እንደሆነ ደግሞ ጎደሎው ይታያል፤ «የእገሌ ልጅ የት ቀረ?» ይባላል።

ሴቶቹም ዘንድ እንዲሁ ነበር። እናት በወሊድ ወይም በወር አበባዋ ጊዜ ከመንደሩ ዳር ወዳለው ጎጆ ስትወጣ፣ ምግብና ውኃ የሚያደርሱላት ትንንሽ ልጃገረዶች ነበሩ። ከድንጋዩ አጥር ሳያልፉ፣ ሳይነኳት፣ አስቀምጠውላት ይመለሳሉ። እናቶቻችን ይህን ሲሠሩ ገና ሕፃናት ነበሩ። ዛሬ ቢሆን ምስክር ወረቀት ይታደልበት ነበር።

የሱዳኑንም አንርሳው። በረሃውን አቋርጠን ገዳሪፍና ኡም ራኩባ ስንደርስ፣ በሽታው ሰዉን ሲጨርሰው፣ የሕዝቡን ነገር የያዙት እነማን ነበሩ? «ኮሚቴ» የምንላቸው ልጆች አይደሉም? የቤተሰቡን ስም ዝርዝር የሚይዙት፣ ገንዘብና መድኃኒት በስውር የሚያደርሱት፣ ሌሊት ሰዉን ወደ መኪናው የሚያጅቡት እነሱ ነበሩ። አብዛኞቹ ወጣቶች ነበሩ። ቢያዙ ምን እንደሚጠብቃቸው ያውቁ ነበር፤ አንዳንዶቹም ተይዘው እስር ቤት መከራቸውን አይተዋል። በመንገድና በካምፖቹ ወደ 4,000 የሚሆኑ ወገኖቻችን ቀርተውብናል፤ በሄርጽል ተራራ መታሰቢያ ቆሞላቸዋል። ከኅዳር 1984 እስከ ጥር 1985 በ«ዘመቻ ሙሴ» ወደ 8,000 ሰው እዚህ አገር ሲገባ፣ ከጀርባው የእነዚያ ልጆች ጉልበትና ልብ ነበረበት።

«እነዚያማ ሌላ ዓይነት ልጆች ነበሩ» የሚለኝ አይጠፋም። እኔ ግን አይመስለኝም። ሃያ ዓመት የሞላው ልጅ ያው ሃያ ዓመት የሞላው ልጅ ነው። ልዩነቱ፣ ያን ጊዜ ሕዝቡ ሕይወቱን በእጃቸው ሰጣቸው። እምነት ስለተጣለባቸው ከዕድሜያቸው በላይ ሆኑ። ዛሬ እኛ ለልጆቻችን በእጃቸው የምንሰጣቸው ምንድን ነው?

እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ አንድ ነገር ሰጥተናቸዋል፤ ሸክም። ከመርከዝ ክሊታ ጀምሮ ልጆቻችን ገና በስድስትና በሰባት ዓመታቸው አስተርጓሚዎቻችን ሆኑ። የባንኩን ደብዳቤ የሚያነቡት እነሱ፣ ቢቱዋህ ሌኡሚ ወረፋ የሚይዙት እነሱ፣ ኩፓት ሆሊም ሐኪሙ ፊት የሚቆሙት እነሱ። የወላጆች ስብሰባ ላይ መምህሯ ስለ ልጁ የምትናገረውን የሚተረጉመው ራሱ ልጁ ነበር! «በጣም ይረብሻል» ስትል «በጣም ጎበዝ ነው ትላለች» እያለ። ይህን ስንተርክ እንስቃለን። የማያስቀውም አለ። እናቱ ክፉ ሕመም እንዳለባት ከሐኪሙ አፍ ሰምቶ፣ ለእናቱ በአማርኛ የነገረ የ12 ዓመት ልጅ አውቃለሁ። ዛሬ ትልቅ ሰው ነው። እስከ ዛሬ ሐኪም ቤት ሲገባ ላብ ያሰምጠዋል።

ስለዚህ አንዳንድ ወጣት «ማኅበረሰብህን አገልግል» ሲባል ፊቱን ቢያዞር አልፈርድበትም። ሲያገለግል ነው ያደገው፤ ማንም ግን አገልግሎት ብሎ አልጠራለትም፣ ግዴታው ነው ተባለ እንጂ። ደግሞም ሁሉንም በልጆቻችን ጫንቃ ላይ መጣል አይገባም። የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር በ2011 ባወጣው መመሪያ መሠረት የሕክምና ተቋማት ለታካሚው በሚገባው ቋንቋ አገልግሎት እንዲያዘጋጁ ይጠበቅባቸዋል። ሕመምን የሚያህል ነገር ሲሆን «አስተርጓሚ አምጡልኝ» ማለት መብታችን ነው፤ የልጅ ልጅን ከትምህርት ቤት አስቀርቶ መውሰድ ልማድ ሊሆን አይገባውም። የመንግሥት ሥራ ለመንግሥት ይቆይ። እኔ የምለው ከዚያ ውጭ ስላለው ነው፤ መንግሥት ሊያደርገው ስለማይችለው። ሌሊት በር አንኳኩቶ «እማማ ይነሡ» ማለት የየትኛው ሚኒስቴር ሥራ ነው?

አሁን ብዙዎቻችን ልብ ያላልነውን ነገር ልንገራችሁ። ልጆቹ 10ኛ ክፍል ሲገቡ፣ ከባግሩቱ ትምህርት ጋር ትምህርት ቤቱ የማኅበረሰብ አገልግሎት ሰዓት እንዲሞሉ ይጠይቃቸዋል። በየዓመቱ በብዙ አሥር የሚቆጠር ሰዓት ነው። ይህን የሚከታተል ራካዝ አለ። ልጆቹም ይሄዳሉ፤ አንዱ የአረጋውያን መኖሪያ ይሄዳል፣ ሌላው ሕፃናት መዋያ፣ ሌላዋ የተጣሉ ውሾችና ድመቶች ወደሚጠበቁበት። ሁሉም መልካም ሥራ ነው፣ እንስሳም ነፍስ አለው። ግን አስቡት፤ የእኛው ልጅ በአውቶቡስ ሁለት ሰፈር ተሻግሮ የማያውቃቸውን አረጋዊ ሲያጫውት፣ እታች ቤት ያሉት አባት የመብራት ሒሳቡን የሚያነብላቸው አጥተው ወረቀቱን ከትራሳቸው ሥር ይሰበስባሉ። ለምን እኛ ዘንድ አልመጣም? ማንም ስላልጠየቀው ነው። መትናስ ውስጥ ያለው የአባቶች ሞዓዶን ወደ ትምህርት ቤቱ ሄዶ «እኛም ዘንድ ላኩልን» ቢል በሩ ክፍት ነው። ይህን ለማድረግ ዲግሪ አይጠይቅም፤ ሁለት ሽማግሌና አንድ ዕብራይስጥ የሚችል ሰው ይበቃል።

ስለ ገንዘቡም አንድ ነገር ልበል። ልጅቷ «ሽሩት ሌኡሚ ልሠራ ነው» ስትል «ስንት ይከፍሉሻል?» የምንል ብዙ ነን። ስትነግረን ደግሞ እንስቃለን፤ የኪስ ገንዘብ ናት። በችግር ያለፈ ሰው እንዲህ ቢል አይገርምም፣ ልጁ ሠርቶ ቤቱን ደግፎ የሚያድርም አለ፤ እንዲህ ያለውን ልጅ «ለምን በነፃ አታገለግልም» ማለት ነውር ነው። ግን ይህም ይታወቅ፤ ሽሩት ሌኡሚ የጨረሰች ልጅ እንደ ወታደሩ ሁሉ እንደ አገልግሎቷ ዘመን የስንብት ገንዘብና ለትምህርት የሚሆን ተቀማጭ ታገኛለች። በዚያም ላይ ሐኪም ቤቱን፣ ትምህርት ቤቱን፣ ጽሕፈት ቤቱን ከውስጥ አይታ ትወጣለች። አባቷ ለዓመታት ከመስኮቱ ውጭ የቆመበትን ቤት እሷ ከመስኮቱ ውስጥ ሆና ታየዋለች። ይህ በሸቀል ይተመናል?

በዚህ ጉዳይ ከባዱን ነገር ሳላነሣ ባልፍ ግን ሐሰተኛ እሆናለሁ። አንድ የማከብራቸው አባት የ15 ዓመት የልጅ ልጃቸው በማጌን ዳቪድ አዶም አምቡላንስ ላይ ለማገልገል ስትነሣ «እኔ በሕይወት እያለሁ አይሆንም» አሉ። ልጅቷ ደነገጠች። የ60 ሰዓት ሥልጠናው እንዳያመልጣት ትፈራለች፤ አያቷ ለምን እንዲህ እንደተቆጡም አልገባትም። የነገራት አልነበረም። በጥር 1996 ጋዜጣው ያወጣውን፣ ወጣቶቻችን ክንዳቸውን ዘርግተው የለገሱት ደም ሳይነገራቸው ለዓመታት ሲደፋ እንደነበር አታውቅም። በዚያው ወር በኢየሩሳሌም በጠቅላይ ሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤት ፊት ለፊት በሺህ የሚቆጠር ሕዝባችን ሲጮህ አያቷ እዚያ ነበሩ። ይስሐቅ ናቮን የመሩት አጣሪ ኮሚሽን ተቋቋመ፤ ቁስሉ ግን በወረቀት አልዳነም። በታኅሣሥ 2013 እዚያው ክኔሴት ውስጥ፣ የክኔሴት አባል የነበሩት ፕኒና ታማኖ ሻታ ደም ልስጥ ብለው ሲመለሱ ያ ነገር ሁሉ እንደ አዲስ ነደደ።

አባትየው ይህን ሁሉ ለልጅቷ ነገሯት። አንድ ሙሉ ማታ ፈጀባቸው። ጨርሰው ሲያበቁ እንዲህ አለቻቸው፤ «አባባ፣ እኔ ካልገባሁ አምቡላንሱ ውስጥ አማርኛ የሚሰማ ማን ይኖራል?» መልስ አልነበራቸውም። ፈቅደውላታል ልላችሁ አልችልም፤ «እሺ» የምትለዋ ቃል ከአፋቸው አልወጣችም። ግን ገባች። ማታ ተራዋ ሲሆን ሳይተኙ ይጠብቋታል፣ ወጡም እንዳይቀዘቅዝ ይሸፍኑላታል።

እኔ ከዚህ የተረዳሁት፣ ቂማችንን ለልጆቻችን ሳንነግር ክልከላውን ብቻ ስናወርሳቸው እንደምንበድላቸው ነው። ታሪኩን ይወቁት፤ ከዚያ ራሳቸው ይምረጡ። በሬዲዮ ሞገድ ከምንጮኸው ይልቅ የዚያች ልጅ መግባት ብዙ ነገር ይለውጣል ብዬ አምናለሁ። የማያምን ሊኖር ይችላል፣ አከብረዋለሁ።

ሌላው እንቅፋት ከእኛው ከሽማግሌዎቹ የሚመጣ ነው፤ ገመና። «የጎረቤት ልጅ ደብዳቤዬን ካነበበልኝ ነገ ሽኹናው ሁሉ ያውቀዋል» ያሉኝ እናት አሉ። ፍርሃታቸው የከንቱ አይደለም። ዕዳ አለ፣ በሽታ አለ፣ የልጅ ነገር አለ። ስለዚህ ልጆቹን ስንጠራ ምሥጢር መጠበቅንም አብረን እናስተምራቸው። ከእኛ የተሻለ ማን ያስተምራል? የሰው ጉዳይ ሆዳቸው ውስጥ ይዘው ወደ መቃብር የወረዱ ቄሶችና ሽማግሌዎች ልጆች ነን። ልጁ ሥራውን ሲጀምር ሁለት አባቶች አስቀምጠውት «እዚህ ያነበብኸው እዚሁ ይቀራል» ብለው ቃል ቢያስገቡት፣ ማንኛውም ፎርም ላይ ከሚፈርመው ፊርማ ይልቅ ያ ቃል ይይዘዋል።

ልጆቹም የሚፈሩት አለ፤ እኛን። ከፊታችን ሲቆሙ መጀመሪያ የምንጠይቀው «የማን ልጅ ነህ?» ነው። ቀጥሎ ፀጉሩን እናያለን። ጆሮው ላይ ያለችውን ጉትቻ እናያለን። የእሷን ሱሪ እናያለን። ከዚያ «አማርኛ አትችልም?» እንላለን፣ ሰዎች ፊት። አማርኛው ቢሰባበርስ ምን ይደረግ፣ እዚህ ተወልዶ! በዕብራይስጥ እኛ ስንሰባበር እነሱ ስንት ጊዜ ችለውናል። ሊያገለግል የመጣን ልጅ እንደ ተከሳሽ ብናስቆመው በሁለተኛው ቀን አይመጣም፤ እኔም ብሆን አልመጣም።

እንደምንችልበት የማየው በሲግድ ቀን ነው። በ2008 በሕግ ብሔራዊ በዓል ከሆነ ወዲህ በየዓመቱ በኅሽቫን 29 ከየከተማው አውቶቡሱ ወደ ኢየሩሳሌም ሲወጣ፣ ወጣቶቹ አባቶችን ደግፈው ሲያወርዱ፣ ውኃ ሲያድሉ፣ ለቄሶቹ መንገድ ሲከፍቱ ታያላችሁ። ያን ቀን ማንም «የዛሬ ልጆች» አይልም። በዚያች ቀን ልጁ ቦታ አለው፣ ሥራው ይታወቃል፣ ምርቃትም ያገኛል። ታዲያ በማግሥቱ የት ሄደ እንላለን፤ እኛስ በማግሥቱ ጠራነው?

ያንን የሦስተኛ ፎቅ ልጅ እኔ የጠራሁት ዘግይቼ ነው። ስሙን ጠየቅሁት፤ ሦስት ዓመት ጎረቤቴ ሆኖ ስሙን አላውቅም ነበር። የትምህርት ቤቱን ሰዓት የት እየሞላ እንደሆነ ስጠይቀው ገና ቦታ እንዳላገኘ ነገረኝ። ራካዟን አናገርን፣ ፈቀደች። አሁን በሳምንት አንድ ቀን አራተኛ ፎቅ ይወጣል። የእማማን ደብዳቤ ያነባል፣ የሐኪም ቀጠሮ በስልኩ ይይዝላቸዋል፣ መድኃኒት ቤት ይሄዳል። ሥራው ሲያልቅ እሳቸው የሱዳኑን መንገድ ያወሩታል። የአያቱን መንደር ያውቁት ኖሯል፤ ቤቱ ውስጥ ሰምቶት የማያውቀውን እዚያ ሰማ። ልጁ ስልኩን ይቀዳበታል።

ባለፈው ወር መጨረሻ የሰዓት መሙያ ወረቀቱን ይዞ ስንወጣ አብሬው ነበርሁ። እማማ ወረቀቱን አገላብጠው አዩትና «ይኼ ደግሞ ምንድን ነው?» አሉ። ያገለገለበትን ሰዓት የሚቆጥር ወረቀት መሆኑን፣ እሳቸው መፈረም እንዳለባቸው አስረዳቸው።

«የጦርነቱን ሌሊትስ ቆጥረኸዋል?» አሉት።

«አይ እማማ፣ ያ አይቆጠርም።»

ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ መነጽራቸውን አምጡልኝ አሉ። ኡልፓን የተማሯትን የስማቸውን ፊደል በዕብራይስጥ ከቀኝ ወደ ግራ አንድ በአንድ እየሳሉ ፈረሙለት፤ ጊዜ ወሰደባቸው። ወረቀቱን ሲመልሱለት ግንባሩን ስመው መረቁትና ቡናውን ሊያፈሉ ተነሡ። «ተቀመጡ፣ እኔ ላፍላው» አላቸው። «አንተ ቡና ታውቃለህ?» ብለው ሳቁበት።